ትኩስ አፈር

የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀበሌው «የከተማ ግብርና» ብሎ ካደለው መሬት አንዱ ቁራጭ ዛሬ ደረሰን። የተመዘገበው በሀብቴ ስም ነው፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ቦታው ከቦንጋ ከተማ በታች፣ ረግረጉ ዳር ነው። ቆሜ ሳየው ጫማዬ ሰመጠ። ሰው ሁሉ ከደረቁ በኩል እንዲደርሰው ሲለማመጥ እኔ ይሄንኑ ጠይቄ ወሰድኩ። ማንም በማይፈልገው ነገር ላይ ተሻሚ የለም።

የሆስፒታሏ ፊዚዮቴራፒስት ሀብቴ በግራ እጁም ቢሆን የሚሠራው ነገር ያስፈልገዋል ብላለች። መጎንበስ ግን አይችልም። ስለዚህ አፈሩ ወደ እሱ ይምጣ። በሳንቃ የታጠረ፣ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ከፍ ያለ መደብ እሠራለሁ፤ ውሃውም ከታች ይቀራል። ለእሱ ብቻ ብዬ አይደለም። ጎመንና ቆስጣ ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል።

ማታ ነገርኩት። አልመለሰም። ከመስቀል ማግስት ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከወሰደው ወዲህ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውለው። ሐኪሙ ምላሱ ተመልሷል፣ መናገር ይችላል ይላል። የሚናገረው ሲያጣ ነው ዝም የሚለው፣ ወይስ የሚሰማው ሲያጣ? ሲያሽከረክረው የኖረው አይሱዙ ግቢው ውስጥ ቆሟል። መኪናውን የሚፈልግ ገዥ ከጅማ ይደውላል። «አስብበታለሁ» እላለሁ።

የካቲት 6

ሰላሐዲን መጣ። ዱሮ የሀብቴ ረዳት ነበር፤ ኋላ አናጢ ሆነ። ቦታውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ ይመኙሻል፣ እዚህ መደብ ሳይሆን ጀልባ ነው የሚሠራው።»

«ጀልባ ሥራልኝ ስልህ ትሠራለህ። አሁን መደብ ነው ያልኩህ።»

ሳንቃ ውድ ነው። መኪናው ላይ የብረት ስፖንዳ ስናስገባ የወለቀው የዋንዛ ስፖንዳ፣ የጭነቱ የጎን ሳንቃ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ተደርድሮ ነበር። ያን ቁረጥ አልኩት።

«ጋሼ ሳይፈቅዱ?»

«ፈቅዷል።»

ሰላሐዲን አየኝ። መጋዙን አነሳ።

የካቲት 10

ችኮላ። ከመጋዘኔ የጥምዝ ቅመም ሊጭኑ ሰዎች ከዋጫ መጥተዋል። ሁለት መደብ ቆሟል። ሀብቴ ምሳውን ግማሹን በላ።

የካቲት 12

ከአጥሩ ማዶ ሁለት ሴቶች ቆመው ነበር፤ አላዩኝም። አንዷ፣ «እዪው፣ ርዝመቱ ልክ የሰው። መቃብሩን ከወዲሁ እያለማመደችው ነው» አለች። ሌላዋ፣ «ነጋዴ አይደለች? ነጋዴ ቀድሞ ነው የሚያዘጋጅ» ብላ ሳቀች።

ማን እንደሆኑ አውቃለሁ። ከእኔ ቅመም ይገዛሉ። ነገም እሸጥላቸዋለሁ፤ ሚዛኔም አይጎድልባቸውም።

ሰላሐዲንን የመጀመሪያውን መደብ እንዲያሳጥረው አዘዝኩት። «ምነው?» አለ። «ለአራተኛው ሳንቃ እንዲተርፍ» አልኩት። ሳንቃው አልጎደለም ነበር።

የካቲት 15

በባጃጅ አወረድኩት። አልፈልግም አላለም፤ እፈልጋለሁም አላለም። ሰላሐዲንና ባለ ባጃጁ ደግፈው በርጩማ ላይ አስቀመጡት። እኔ እንደ ልማዴ አወራለሁ፤ ይሄ ለጎመን፣ ያ ለሽንኩርት፣ ከዚህ በኩል ቦይ ይወጣል። እሱ ረግረጉን ያያል።

ድንገት «ተገልብጧል» አለ።

ዞር ስል መደቡን እያየ ነው። ስፖንዳው ላይ በጎረምሳነቱ በቢጫ ቀለም «አትቅደመኝ» ብሎ ያስጻፈው ነበር። ሰላሐዲን ሳንቃውን ሲመታው ጽሑፉን ዘቅዝቆ መትቶታል። እኔም ስንት ቀን ቆሜበት አላየሁትም።

«የኔን ስፖንዳ!» አለ። አፉ በአንድ በኩል እየተጎተተ ነው፣ ቃሉ ግን ይሰማል። «ደንቆሮ! ማን... ማን ቁረጥ አለህ?»

ሰላሐዲን በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «እትዬ ፈቅደዋል አሉኝ፣ ጋሼ።»

«ምስማሩን ንቀል። አዙረው።»

ሰላሐዲን ምስማሩን ሲነቅል እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑን ግን በክንዱ ይጠርግ ነበር። ሀብቴ ሳንቃው ዞሮ እስኪመታ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ደከመው፤ መለስነው። ማታ እንደ ወትሮው ወደ ግድግዳው ዞረ።

ቢሆንም ተቆጣ። አምስት ወር ሙሉ ተቆጥቶ አያውቅም። እስከ ዛሬ ቁጣውን እንደ ጠፋ ዕቃ ናፍቄው እንደነበር አላወቅሁም።

የካቲት 19

ጾም ገብቷል። ዛሬ መደቦቹን ሞላን።

ሙሉብርሃን የሚባለው የግብርና ባለሙያ መጣ። ከጎንደር ተመድቦ የመጣ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ጀንፈል ከሚፈለፈልበት ቤት ያስመጣሁትን የቡና ገለፈት ክምር አየና፣ «እትዬ ይመኙሻል፣ ይሄ ገና አልተብላላም። ሁለት ወር ይቆይ። አሁን ከሞሉት ሙቀት ያመነጫል» አለኝ።

«የቀበሌው ኮሚቴ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ለሳይት ጉብኝት? መጋቢት መጨረሻ ላይ። ያልለማ ቦታ ለሌላ ይተላለፋል። ኢንፎርም አድርገናል።»

«ታዲያ ሁለት ወር ቆይቼ ለማን ልሞላው?»

ሳቀ። የቢሮ ሰው ሁሉን ነገር በሁለት ወር ያራዝማል ብዬ ገለፈቱን ከትኩስ እበት ጋር እያፈራረቅሁ አስሞላሁ። ከላይ ጥቁር አፈር አለበስኩት። አፈሩ ሲደፋ የጫካ ሽታ አለው። በእጄ ጨብጬ ስለቀው እንደ ቂጣ ፍርፋሪ ተበተነ። እንዲህ ያለ አፈር ላይ ሃያ ዓመት ቆሜ ስነግድ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም።

የካቲት 22

ጥቅል ጎመን ተተከለ፣ አራቱም መደብ ላይ። ቆንጆ ችግኝ። ሀብቴ አልመጣም፤ «ነገ» አለ። ነገ ማለት አልፈልግም ማለት ነው።

የካቲት 25

ዛሬ ያየሁትን በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ።

በማለዳ ወረድኩ። ጉም ረግረጉን ሞልቶታል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከማዶ ካለው ጫካ ጉሬዛዎች ይጮኻሉ። አጥሩን ከፍቼ ስገባ መደቦቹ ይተነፍሳሉ። ሌላ ቃል የለኝም። ከአራቱም ላይ እንፋሎት ቀስ እያለ ይወጣል፤ ጎን ለጎን ተኝተው የሚያመሰኩ አራት በሬዎች ይመስላሉ። ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል፣ ደግሞ ይለያል። እሳት የለም። ጭስ አይሸትም። እኔ ያልለኮስኩት ነገር እኔ በሠራሁት ሳጥን ውስጥ ይነድዳል።

ችግኞቹ ሞተዋል። ሥሮቻቸው ተቀቅለዋል። አንዱን ስስበው ከወጥ እንደወጣ ቅጠል በእጄ ላይ ተጣጠፈ።

እጄን እስከ አንጓዬ ከተትኩ። ልይዘው አልቻልኩም።

ሊቆጨኝ ይገባል። ቆጭቶኛልም። እርጥብ ኮረሪማ በጆንያ አምጥቶ የሚሸጥልኝን ሰው እጄን ሰድጄ፣ «ይሄ ግሏል፣ መልሰህ ውሰድ» የምል እኔ ነኝ። የታፈነ እርጥብ ነገር እንደሚግል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ልጁም ነግሮኛል። የሰማሁትንም የማውቀውንም ትቼ አፈር ስለሆነ ብቻ ሌላ ሕግ ያለው መሰለኝ።

ግን ሳልቆጭ ብዙ ቆምኩ። ፀሐይ ወጥታ እንፋሎቱ እስኪጠፋ ድረስ። ሱቁን አርፍጄ ከፈትኩ። ሰው «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ማታ ለሀብቴ ነገርኩት። «አፈሩ ይፈላል» አልኩት።

ዞረ። ከግድግዳው ዞረ። «ምን?»

«ይፈላል። ይተናል። ጎመኑን ቀቀለው።»

«ውሸትሽን ነው።»

«ውሸቴን ከሆነ መጥተህ እየው።»

የካቲት 26

መጣ። ራሱ ጫማውን በግራ እጁ ሲያደርግ ቆሜ ጠበቅሁ። ላግዘው እጄ ተነስቶ ነበር፤ ወደ ኪሴ ከተትኩት።

በርጩማውን የመጀመሪያው መደብ አጠገብ አስጠጋሁለት። ግራ እጁን አፈሩ ውስጥ ሰደደ። ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ።

«ሞተር ነው» አለ።

«ምን?»

«ዳገት ወጥቶ እንደቆመ ሞተር። የደካን ዳገት።» ቃል እየፈለገ ነው የሚናገረው። «ኮፈኑን... ስትከፍቺው... እንደዚህ ነው።»

ሙሉብርሃን ከሌላ ሰው ቦታ ሲመለስ አየንና ገባ። አልወቀሰኝም። «ይገለባበጥ፣ ውሃም ይጠጣ፤ ቶሎ ይበርዳል» አለ።

ሀብቴ ራሱን ነቀነቀ። «የጋለ ሞተር ላይ ውሃ አይደፋም።»

«ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ ይሄ እኮ ኮምፖስት ነው።»

«ይሰነጠቃል። ራሱ ይብረድ።»

ልጁ ወደ እኔ አየ፣ እንድዳኝ። ሦስቱን መደብ እንዳለው አገላብጠን አጠጣን። የመጀመሪያውን ማንም እንዳይነካው ሆነ። የሀብቴ ነው።

መጋቢት 1

በየቀኑ ይወርዳል። ጠዋት እጁን ይከታል፤ «ገና» ይላል። ይኼው ነው። የአጎራባቹ ቦታ ባለቤት እትዬ ታንጉት ናቸው፤ የዚሁ አገር ሰው፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ጎደሬ ተክለዋል። ሲያልፉ፣ «ዛሬስ ወጡ በሰለ?» ይሉታል። «ገና፣ ጨው ይጎድለዋል» ይላል። ይሄን ከሰላሐዲን ነው የሰማሁት። እኔ ስኖር እንዲህ አያወራም። እኔ ስኖር ማን ቦታ ይሰጠዋል?

መጋቢት 4

ከዋጫ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። የግቢው በር ክፍት ነው። ከዘራው የለም። ጎረቤት አላየም።

ረግረጉ ጥልቅ የሆነበት ቦታ አለ፤ ባለፈው ዓመት በሬ ዋጠ። ይሄን የማስታውሰው እንዲሁ ነው። የመንገድ ጫማዬን ሳልቀይር ወረድኩ። ልቆጣው ነው የወረድኩት።

በርጩማው ላይ ነበር። እትዬ ታንጉት አጠገቡ ቆመው ያወራሉ፣ በካፊኛ፤ እሱም ይመልሳል። ብቻውን ባጃጅ አስቁሞ ነው የመጣው። ትንፋሼ ተቆርጦ ሲያዩኝ ሴትየዋ፣ «ምን ሆነሽ ትሮጫለሽ? ባልሽ በግ ነው እንዴ ጠፋ ብለሽ ትፈልጊዋለሽ?» አሉኝ።

«ዝናብ መጣ ብዬ ነው» አልኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

አልተቆጣሁም። ጫማዬ ተበላሽቷል።

መጋቢት 8

ዛሬ ቀኝ እጁን ከተተ። ራሱ አይደለም የገባው፤ በግራው አንስቶ፣ እንደ ተኛ ሕፃን አፈሩ ላይ አጋድሞ፣ አለበሰው።

«ይሰማኛል» አለ።

«ምኑ?»

«ሙቀቱ። በቀኜ። ትንሽ ትንሽ።»

አመንኩት። ጎንበስ ብዬ አፈሩን ገለጥ አድርጌ አየሁት። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ገብረ ጉንዳን ነክሶ ተጣብቋል። ሥጋውን ይዞ ጭንቅላቱን ቀብሯል። ገብረ ጉንዳን ሲነክስ ዝም የሚል ፍጡር የለም፤ ፈረስ ያስደነብራል። ሀብቴ ግን ፊቴን እያየ፣ «ደህና ይሰማኛል» ይለኛል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። አፈር የማራግፍ መስዬ ጉንዳኑን ነቀልኩት። ደም ወጣ። አላየም።

ይሄን ነገር አሁን ቁጭ ብዬ ላስበው። በሥራዬ የሰማሁትን ውሸት ጆንያ አይችለውም። የሚዋሽ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ነገር አለው፤ ምንም የማይፈልግ ሰው አይዋሽም፣ ለመዋሸት ጉልበት ያስፈልጋል። ስንት ወር ሙሉ ሀብቴ አንድ ውሸት አልዋሸኝም። «ይሻልሃል?» ስለው እንኳ «አዎ» አይለኝም ነበር። ዛሬ ዋሸኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ደስ እንዲለኝ።

እንደ ዛሬ የከበረ ዕቃ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ዋጋውን ለማንም አልጠራም።

መጋቢት 14

ዝናብ! የጭነቱ ሰው ቀረ። መንገድ ተቆርጧል። ለመጻፍ ጊዜ የለኝም፣ መጋዘኑ እያፈሰሰ ነው።

መጋቢት 15

ትናንት የሆነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ሀብቴ ታች ነበር። ጃንጥላ ይዤ ስደርስ ረግረጉ ሐይቅ ሆኗል። በደረቁ በኩል ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች መደብ ሳይሠሩ የተከሉት ሽንኩርት ተንሳፍፏል። የእኛ አራቱ ሳጥኖች ከውሃው በላይ ቆመዋል። ከመጀመሪያው ላይ እንፋሎት ይወጣል፤ ዝናቡ ይመታዋል፣ ይወጣል፤ ይመታዋል፣ ይወጣል።

«እንሂድ» አልኩት።

«ቆዪ።»

«ትታመማለህ።»

«ታምሜያለሁ እኮ» ብሎ ሳቀ። በአንድ ጎኑ ነው የሚስቀው። ጃንጥላውን ያዝኩለት፤ ግማሽ ትከሻዬ ራሰ። ጎን ለጎን ሆነን አየን። አርባ ዓመት ያሽከረከረ ሰውና ሃያ ዓመት የመዘነች ሴት፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ዝናብ ውስጥ ቆመን አፈር እናያለን። ማንም ቢያየን «አብደዋል» ይል ነበር። እኔም እል ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፤ ቅዳሴ ላይ ሐሳቤ ሱቅ ይሄዳል። ትናንት የትም አልሄደም።

መጋቢት 20

ሦስቱ መደብ ከተተከለ ሳምንት አልፎታል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሽንኩርት። ሥር ይዘዋል። እድገታቸው አይቆምም፤ ጠዋት ያየሁት ቅጠል ማታ ሌላ ነው። የሀብቴ መደብ ባዶ ነው። ዛሬም «ገና» አለ። እኔ ስነካው ለብ ብሏል፣ ያን ያህል አይደለም። ኮሚቴው በሚመጣው ሳምንት ይመጣል። ነገርኩት። «ይምጣ» አለ።

ገዥው ከጅማ ደወለ። መኪናው አይሸጥም አልኩት። ለምን ሲለኝ ምክንያት አላገኘሁም፤ ዘጋሁት።

መጋቢት 26

ኮሚቴው መጣ፤ ሙሉብርሃንና ሁለት ሰዎች። ጎመኑን ፎቶ አነሱ። «ሞዴል ነው» አሉ። ከዚያ ባዶው መደብ ጋ ቆሙ።

«ይሄ ለምን አልለማም?»

«ቀይ ሽንኩርት ይተከልበታል፣ ነገ ችግኙ...» ብዬ ጀመርኩ።

ሀብቴ በከዘራው መሬቱን መታ። «እኔን ነው የጠየቀው።»

አፌን ዘጋሁ። ለሐኪም፣ ለቀበሌ፣ ለዘመድ፣ ለጠያቂ፣ ስንት ጊዜ መለስኩለት? ምን ያምሃል ሲሉት «ትከሻው ነው» እያልኩ። ከመልሶቼ የትኛው ትክክል እንደነበር እንኳ አላውቅም።

ሰውየው ወደ እሱ ዞረ። «እሺ ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ ምን ሊተክሉበት ነው?»

«እንሰት።»

ሳቁ። ሙሉብርሃን ብቻ አልሳቀም። «ጋሼ፣ እንሰት በዚህ መደብ... ፕሮግራሙ በአጭር ጊዜ የሚደርስ አትክልት ነው። ፎርማታችን ላይም እንሰት የለም።»

«ጨምሩበት።»

ሰዎቹ ተያዩ። ልጁ ብዙ አሰበና፣ «ሦስቱ ለምተዋል። አራተኛውን እስከሚመጣው ዓርብ ድረስ የተተከለበት ካገኘነው ችግር የለም። ምን እንደተተከለ... አየዋለሁ» አለ።

ሲሄዱ ተናደድኩ። እንሰት ሰፊ ነው፣ ጥላው ጎመኑን ይገድላል። አንድ መደብ ሁለት ቢይዝ ነው። ለዚያ ሁሉ ሳንቃና ድካም ይሄ ኪሳራ ነው። ማታ ሁሉን አስረዳሁት። ሰማኝ። «ጨረስሽ?» አለ። ፊቱ ወደ እኔ ነበር።

መጋቢት 28

እትዬ ታንጉት ከጓሯቸው ሦስት የእንሰት ችግኝ ነቅለው በጀርባቸው ይዘው መጡ። ዋጋ ጠየቅኋቸው። «ነጋዴ ነሽ መሰለኝ» አሉኝ፤ ዋጋ ግን አልነገሩኝም።

ሀብቴ ግራ እጁን ከተተ። ቆየ። «በርዷል» አለ።

በግራ እጁ ራሱ ቆፈረ። ቀርፋፋ ነው። ሰላሐዲን ሊያግዝ ሲጠጋ በከዘራው አባረረው፤ «አንተ ደግሞ ገልብጠህ ትተክለዋለህ!» ሰላሐዲን ሆዱን ይዞ ሳቀ። የመጀመሪያው ገባ። በጣቱ አፈሩን ጠቀጠቀው። ሁለተኛው ገባ።

ዝም ብዬ ልጨርስ ነበር። አልቻልኩም።

«እንሰት ለመብል እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«አምስት። ካልተመቸው ስድስት።»

«ሰባትም ይሆናል» አለ ሳያየኝ።

«ማን ይጠብቀዋል?»

ከአፌ ወጣ። እትዬ ታንጉት ዓይናቸውን ወደ ጎደሬያቸው አዞሩ። ሰላሐዲን ሳቁን አቆመ። እኔ መሬት ብትከፈት በወደድኩ።

ሀብቴ ቀና ብሎ አየኝ። አፈር ግንባሩ ላይ ተለጥፏል።

«እኔ ነኛ» አለ። «ምነው፣ አንቺ የምትሄጂበት አለ?»

«የለም» አልኩ።

«እንግዲያው ሦስተኛውን አቀብዪኝ።»

መደቡ ሦስት አይችልም። ሁለቱም እንኳ ይጣበባሉ፤ ማንም ያውቃል። አቀበልኩት።